ስምንተኛው «ሚሽን ኢምፖሲብል»፦ ተመልካቾች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ቡና ሲጠጣም ሆነ ሸዋ ሮቢት ማታ በረንዳ ላይ ንፋስ እየተቀበሉ ስለዚህ ፊልም ከተነሳ ክርክሩ ቶሎ ይጋጋላል። አንዱ የሰርጓጅ መርከቡን ትዕይንት ትንፋሹን ይዞ እንዳየው ይናገራል፤ ሌላው የመጀመሪያውን ሰዓት ሳይጨርስ ዘግቶታል። ከሚነሱት ቅሬታዎች የፊልሙ የራሱ ጥፋት የሆኑ አሉ። ብዙዎቹ ግን የሚመጡት የቀደሙትን ክፍሎች ካለማየት ወይም ከተበላሸ ኮፒ ነው። እዚህ የታሪኩ መጨረሻ ጭምር ስለተነገረ፣ ገና ያላያችሁት ስለ ኮፒ፣ ስለ ድምፅና ስለ ሳብታይትል ወደተጻፈው እለፉ።

«ክፍል ሁለት» የሚባለውና «ዘ ፋይናል ሬክኒንግ» አንድ ናቸው?

አንድ ናቸው። ሰባተኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ «ዴድ ሬክኒንግ ክፍል አንድ» ይባል ነበር፤ ቀጣዩም «ክፍል ሁለት» ተብሎ በ2024 ሊወጣ ታስቦ ነበር። የሆሊውድ ተዋንያን የሥራ ማቆም አድማ ቀረጻውን አቋረጠው፣ መውጫው ወደ 2025 ተገፋ፣ ስሙም ተቀየረ። ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ታይቶ አሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የገባው ግንቦት 15 ነው። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማኳሪ፣ ርዝመቱ ወደ 170 ደቂቃ።

ተመልካቹ ለምን ለሁለት ተከፈለ?

መጀመሪያ ስለ ወቀሳው። የፊልሙ የመጀመሪያ ሰዓት በገለጻ የተሞላ ነው። አራት አምስት ሰዎች ክብ ሠርተው ይቆሙና አንዱ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር ሌላው እየጨረሰ ዓለም እንዴት ልትጠፋ እንደሆነ ያስረዳሉ። በመሃል በመሃል ከቀደሙት ሰባት ፊልሞች የተቆረጡ ምስሎች ይገባሉ። የተከታታዩ ጥንታዊ ደስታ ዕቅድ ሲወጣ፣ ዕቅዱ ሲበላሽ፣ በቅጽበት ሌላ ሲፈጠር ማየት ነው፤ እዚህ ግን ዕቅዱን ከማየት ይልቅ ስለ ዕቅዱ መስማት ይበዛል። ቶም ክሩዝ የሚጫወተው ኢታን ሃንትም ከሰላይነት ወጥቶ የዓለም አዳኝ ሆኖ ቀርቧል፤ ሁሉም በአክብሮት ያየዋል፣ ቀልዱ ቀንሷል። ይህን ወቀሳ «ፊልሙ ስላልገባቸው ነው» ብሎ ማጣጣል አይቻልም፤ ገብቷቸውም የሰለቹ አሉ፣ ትክክልም ናቸው።

ውዳሴው ደግሞ የሚጀምረው ኢታን ባሕር ውስጥ ሲገባ ነው። የሰመጠው የሩሲያ ሰርጓጅ መርከብ «ሴቫስቶፖል» ውስጥ ያለው ክፍል ንግግር የለውም ማለት ይቻላል። መርከቡ በባሕሩ ወለል ላይ እየተንከባለለ፣ ውሃው ከክፍል ክፍል እየፈሰሰ፣ ቶርፔዶዎቹ ከመደርደሪያቸው እየወደቁ አንድ ሰው መውጫ ይፈልጋል። ያን ሁሉ ያወራ ፊልም እዚህ አፉን ሲዘጋ ነው የሚያምርበት። መጨረሻ አካባቢ ያለው የሁለቱ አውሮፕላኖች ማባረርም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ «ምርጥ ነው» የሚለው ሁለተኛውን አጋማሽ፣ «አሰልቺ ነው» የሚለው የመጀመሪያውን ይዞ ነው የሚከራከረው።

ሦስተኛ ወገንም አለ፤ የገጸ ባሕርያት ወዳጆች። ሰባተኛው ክፍል ቬኒስ ላይ የሞተችው ኢልሳ ፋውስት «ጭንብል ነው፣ ትመለሳለች» ብለው ሁለት ዓመት የጠበቁ አሉ። አልተመለሰችም። የኢታን የቆየ ጓደኛና የኮምፒውተር ባለሙያ ሉተርም ገና ፊልሙ ሳይጋመስ ለንደን ውስጥ ቦምብ ሲያከሽፍ ይሞታል። ቪንግ ሬምስ ከቶም ክሩዝ ሌላ በስምንቱም ፊልሞች ላይ የታየ ብቸኛ ተዋናይ ስለሆነ ይህ ብዙዎችን አስከፍቷል። በእኛ አስተያየት ግን የመሰናበቻ ንግግሩ ከፊልሙ ጥሩ ጽሑፎች አንዱ ነው።

የቀደሙትን ሳላይ ብገባበት ይገባኛል?

ድርጊቱ ይገባል፣ ሰዎቹ አይገቡም። ስምንቱን ሁሉ ማየት ግን ግዴታ አይደለም። በዚህ ቅደም ተከተል ሦስቱ ይበቃሉ።

የ1996ቱ የመጀመሪያው (110 ደቂቃ)። ከዚህ ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛው የቡድኑ አለቃ ጂም ፌልፕስ ከሃዲ ሆኖ መገኘቱ ነው፤ በስምንተኛው ኢታንን የሚያሳድደው ብሪግስ የፌልፕስ ልጅ መሆኑ ይገለጣል። ሁለተኛው ላንግሊ፣ የሲአይኤ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ኢታን በገመድ ተንጠልጥሎ የሚዘርፈው ነጭ ክፍል ነው። የዚያ ክፍል ሠራተኛ ዊልያም ዶንሎ በዝርፊያው ምክንያት ወደ አላስካ ራዳር ጣቢያ እንዲላክ ሲታዘዝ እንደ ቀልድ ነበር ያለፈው። ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ያው ተዋናይ ሮልፍ ሳክሰን ቤሪንግ ባሕር ላይ ካለ ደሴት ብቅ ይላል፤ አግብቶ፣ ተረጋግቶ፣ ቂምም ሳይዝ። የ1996ቱን ያየ ሰው እዚህ ጋ ያጨበጭባል፣ ያላየው «ይሄ ሽማግሌ ማነው?» ይላል።

የ2006ቱ ሦስተኛ (126 ደቂቃ)። «የጥንቸል እግር» የተባለ ዕቃ ይሰረቃል፤ ምን እንደሆነ ግን እስከ መጨረሻው አይነገርም። ስምንተኛው ላይ መልሱ ተሰጠ፦ የዛሬው ጠላት፣ «ኤንቲቲ» የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ የተወለደው ከዚያ ነው። ለዚህ ነው ኢታን ጥፋቱን የራሱ አድርጎ የሚወስደው። አንዳንዱ ይህን ማያያዣ ወዶታል፤ ሌላው ደግሞ ሳይነገር የኖረው ምሥጢር ይሻል ነበር ይላል። እኛም ከሁለተኞቹ ጋር ነን።

የ2023ቱ ሰባተኛ (163 ደቂቃ) ግን አማራጭ የለውም። የመስቀል ቅርጽ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቁልፍ፣ የሰርጓጅ መርከቡ አሰጣጠም፣ ሌባዋ ግሬስ፣ ነፍሰ ገዳይዋ ፓሪስ፣ የኤንቲቲ አገልጋይ ጋብሪኤል፣ ሁሉም እዚያ ነው የተዘራው። ሦስቱ ከስምንተኛው ጋር ሲደመሩ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናሉ። ለሁለት ቀን ከፋፍሉት፤ ሰባተኛውንና ስምንተኛውን በአንድ ሌሊት ለመጨረስ የሚሞክር ሰው አውሮፕላኑ ጋ ሳይደርስ ይተኛል።

ዕቅዱ አልገባኝም። በቀላሉ ምንድን ነው የሚፈልጉት?

ኤንቲቲ የኒውክሌር ኃይል ያላቸውን አገሮች መሣሪያ አንድ በአንድ እየተቆጣጠረ ነው፤ የመጨረሻዋ አሜሪካ ናት። ዓለምን አጥፍቶ እሱ ግን መትረፍ ስለሚፈልግ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከመሬት በታች ወዳለ የመረጃ ማከማቻ መግባት አለበት። ቡድኑ ይህን ፍላጎቱን ወጥመድ ያደርገዋል። ለዚህ ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ ሰርጓጅ መርከቡ ውስጥ የቀረው የኤንቲቲ የመነሻ ኮድ (ፖድኮቫ)፣ ሉተር የሠራው መርዝ ኮድ፣ እና ኤንቲቲ ዘሎ የሚገባበት ማከማቻ ድራይቭ። መርዙ ከፖድኮቫ ጋር ሲገናኝ ኤንቲቲ ይደናገጥና ድራይቩ ውስጥ ይገባል፤ ግሬስ በዐይን ጥቅሻ ፍጥነት ትነቅለዋለች። ጋብሪኤል መርዙን ሰርቆ በአውሮፕላን ስለሚሸሽ ነው የአየሩ ማባረር የሚመጣው። ሌላው ሁሉ ማጀቢያ ነው።

ኢታን ራቁቱን ሊባል ምንም ሳይቀረው ከሰመጠው ሰርጓጅ መርከብ ጥልቀት ወጥቶ ይተርፋል? ይቻላል?

አይቻልም፤ ፊልሙም በግማሽ ልብ ያምነዋል። ሁለት ነገሮች ለየብቻ ይገድሉታል።

አንደኛው ግፊቱ ነው። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት አንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመራል፤ 100 ሜትር ላይ የሚጫነን ከመሬት በላይ ካለው 11 እጥፍ ነው። ጠላቂ በዚያ ግፊት ሲተነፍስ ናይትሮጅን ደሙና ሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ቀስ እያለ፣ እየቆመ ከወጣ ናይትሮጅኑ በትንፋሽ ይወጣል። በአንድ ጊዜ ሽቅብ ከተወነጨፈ ግን እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ይሠራል፤ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ አከርካሪና አንጎል ከደረሰ ሽባ ያደርጋል ወይም ይገድላል። ከዚህም ሌላ ሳንባው ውስጥ ያለው አየር ሲወጣ እየሰፋ ስለሚሄድ ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው ሳንባው ይቀደዳል። ፊልሙ ለዚህ ያዘጋጀው መልስ በረዶው ላይ የሚጠብቀው የግፊት ድንኳን ነው። ድንኳኑ በመርህ ደረጃ ትክክለኛ ሕክምና ነው፤ ሰውየው እዚያ በሕይወት መድረሱ ነው ተረቱ።

ሁለተኛው ቅዝቃዜው ነው፤ ይህን ለደብረ ብርሃን ሰው ማስረዳት ሳይቀል አይቀርም። የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ግን አየር ነው፤ ውሃ ሙቀትን ከሰውነት የሚነጥቀው ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ነው። የባሕር ውሃ እስከ 1.8 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ አይረጋም፣ ስለዚህ ከበረዶ ሥር ያለው ፈሳሽ ከዜሮ በታች የቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል። በእንዲህ ያለ ውሃ የመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ሳይፈልጉ በድንገት አየር የሚስቡበት ነው፤ ራስ ከውሃ በታች ከሆነ ያኔ ውሃ ይገባል። ከዚያ ጣትና ክንድ የሚታዘዙት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው።

«ታዲያ ፊልሙ ዋሸ» ማለት ነው? ይህ ተከታታይ ሁልጊዜ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አደጋውን በትክክል ያስረዳል፣ ከዚያ ጀግናውን ብቻ ነፃ ያወጣዋል። ቀድሞ ስላስረዳ ነው የሚያስጨንቀው።

አውሮፕላኑ ላይ ያለው እውነት ክሩዝ ነው?

አዎ፣ ደቡብ አፍሪካ ሰማይ ላይ። አውሮፕላኖቹ ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ «ስቲርማን» ናቸው፤ አብራሪው ክፍት ላይ የሚቀመጥባቸው፣ ቦይንግ ለማሠልጠኛ የሠራቸው ዓይነት። ክሩዝ በደኅንነት ገመድ ታስሯል፤ ገመዱ በኮምፒውተር ተፍቆ ጠፍቷል። ይህን ማወቅ ትዕይንቱን አያሳንሰውም፤ ገመድ ከመውደቅ ያድናል እንጂ ከንፋስ አያድንም። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሄድ ክንፍ ላይ ፊትን ወደ ንፋሱ ማዞር መተንፈስን ይከለክላል፤ ክሩዝ ራሱ አተነፋፈስ መለማመድ እንደነበረበትና አቅሙ የተሟጠጠባቸው ጊዜያት እንደነበሩ ተናግሯል። ጉንጩ ሲንቀጠቀጥ፣ ዐይኑ ሲጨፈን የምታዩት ትወና አይደለም።

የሚቃጠለው ፓራሹትም እውነት ነው። ጨርቁ ነዳጅ ተነክሮ አየር ላይ ተለኩሷል፤ 16 ጊዜ ዘሎበታል፣ ለዚህም የጊነስ ክብረ ወሰን ተመዝግቦለታል። ሲቃጠል ቆርጦ ጥሎ በመጠባበቂያው ይወርዳል።

ጋብሪኤል እንዲያ በቀላሉ ሞተ?

ሞተ። ፓራሹት እንዳለው እየፎከረ ይዘልና ጭንቅላቱ ከአውሮፕላኑ የጅራት መሪ ጋር ይጋጫል። ብዙ ቦታ ሳቅ ይነሳል፤ አንዳንዱ ስህተት መስሎት ወደኋላ መልሶ ያያል። ሆን ተብሎ ነው። ሆኖም ችግሩ ከሞቱ ይልቅ ከዚያ በፊት የሚያስፈራ ነገር አለመሥራቱ ነው። እውነተኛው ጠላት ፊት የሌለው ፕሮግራም ስለሆነ ቁጣችንን የምናሳርፍበት ሰው ተፈልጎ የተቀመጠ ይመስላል።

በትርጉም ያየሁት ይቆጠራል?

ሦስተኛውን ወይም አምስተኛውን ቢሆን ብዙ አይጎድልም። ይህን ግን በትርጉም መጀመር አይመከርም። ተርጓሚው በአንድ ድምፅ ሁሉንም ስለሚተርክ ማን ምን እንዳለ ይደባለቃል፤ ረጅሙ ንግግር ሲያሰለቸው ደግሞ ያሳጥረዋል። ያ የሚቆረጠው የመጀመሪያ ሰዓት አሰልቺ ቢሆንም ቁልፉ፣ መርዙና ድራይቩ የሚተዋወቁበት ነው። የባሕሩ ትዕይንት ላይ ደግሞ ተራኪው ዝም ማለት ስለማይችል ጸጥታውን ይሸፍነዋል። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው ወላጆች የተሻለው መንገድ ዋናውን ድምፅ ትቶ አጠገብ የተቀመጠ ሰው በየትዕይንቱ መጨረሻ ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢነግራቸው ነው።

ምስሉ ጨለማ ነው፣ ባሕሩ ውስጥ ምንም አይታይም። ፊልሙ ነው ወይስ ኮፒው?

አብዛኛውን ጊዜ ኮፒው ነው። ጥርት ያለው ቅጂ በዲጂታል የወጣው ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ይዞር የነበረው ሁሉ ሲኒማ ውስጥ በካሜራ የተሰረቀ ነው። ምልክቱ ጠርዙ ዘንበል ማለቱና የሰው ሳል መስማት ነው። በዚያ አይቶ ፊልሙን የጠላ ሰው ፍርዱን ይያዝ።

ጥርት ያለውም ቢሆን መጠኑ ያሳብቃል። 170 ደቂቃ ፊልም በ700 ሜጋባይት ከታጨቀ ለአንድ ሴኮንድ የሚደርሰው ከግማሽ ሜጋቢት ትንሽ በላይ ነው። ቀን ብርሃን ላይ ያለ ንግግር ይህን ይችለዋል። ጨለማ፣ ጭስና የሚፈላ ውሃ ግን በየቅጽበቱ የሚለዋወጥ ዝርዝር ስለሆነ ምስሉ ወደ ጥቁር ካሬዎች ይሰባበራል። በሴኮንድ 3 ሜጋቢት ያለው ቅጂ 3.8 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ለ32 ኢንች ቴሌቪዥን ያ በቂ ነው። ቴሌቪዥኑን ከ«ቪቪድ» ወደ «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» መልሱት፣ እንቅስቃሴ ማለስለሻውንም አጥፉት። መብራቱንም አጥፉ።

ፍላሹ ላይ አስጭኜ ቴሌቪዥኑ አላነበበውም፤ ወይም ምስል አለ ድምፅ የለም።

ሦስት ምክንያት ይኖራል። ፍላሹ በ«ፋት 32» ፎርማት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ወደ «ኤክስፋት» ወይም «ኤንቲኤፍኤስ» ቀይሩት። ፎርማት ሲደረግ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ። የቆዩ ሪሲቨሮች ግን «ፋት 32»ን ብቻ ነው የሚያነቡት፤ ለእነሱ አነስ ያለ ቅጂ ያስፈልጋል።

ድምፅ ኖሮ ምስሉ ጥቁር ከሆነ ፋይሉ በ«ኤች 265» የታመቀ ነው፤ አሮጌ መሣሪያ የሚፈታው «ኤች 264»ን ነው። ምስል ኖሮ ድምፅ ከሌለ ደግሞ ድምፁ «ዲቲኤስ» ነው፤ ብዙ ቴሌቪዥኖች አይደግፉትም፣ «ኤኤሲ» ወይም «ኤሲ 3» ያለውን ጠይቁ። ለመግዛት ስትሄዱ እነዚህን ቃላት ብትናገሩ ልጁ የሚመልስላችሁ መልስ ወዲያው ይቀየራል።

ንግግሩ አይሰማም፣ ፍንዳታው ግን ጎረቤት ይቀሰቅሳል።

ድምፁ ለስድስት ስፒከር የተዘጋጀ ነው፤ ንግግሩ ያለው በመሃለኛው ላይ ነው። ሁለት ስፒከር ያለው ቴሌቪዥን ሲያደባልቀው ንግግሩ ይሰምጣል። ስቴሪዮ ትራክ ካለ ምረጡ፤ ከሌለ በቴሌቪዥኑ ድምፅ ምርጫ ውስጥ «ናይት» ወይም «ክሊር ቮይስ» የሚለውን አብሩ። ላፕቶፕ ላይ በቪኤልሲ የምታዩ ከሆነ ኮምፕሬሰሩን ማብራት ልዩነቱን ያጠባል።

ሳብታይትሉ ከንግግሩ ይቀድማል ወይም ይዘገያል።

ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ከሆነ ቀላል ነው። በቪኤልሲ የ«ኤች» ቁልፍ ጽሑፉን ያዘገየዋል፣ የ«ጂ» ቁልፍ ያፈጥነዋል፤ አንድ ጊዜ ሲጫኑ 50 ሚሊሴኮንድ ነው፣ ለአንድ ሴኮንድ 20 ጊዜ ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ልክ ሆኖ እየቆየ የሚርቅ ከሆነ ግን ቁልፍ መጫን አያድንም። ጽሑፉ በሴኮንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ቅጂ፣ ፊልሙ ደግሞ በ23.976 የተዘጋጀ ነው። ልዩነቱ ከመቶ አራት ያህል ቢሆንም ፊልሙ ረጅም ስለሆነ መጨረሻው ላይ ሰባት ደቂቃ ይደርሳል። ከቅጂው ስም ጋር የሚመሳሰል ሌላ ሳብታይትል አውርዱ። የአማርኛ ሳብታይትል አግኝታችሁ ፊደሉ ካሬ ካሬ ሆኖ ከመጣ፣ ፋይሉን በ«ኖትፓድ» ከፍታችሁ በ«ዩቲኤፍ 8» አስቀምጡትና ቪኤልሲ ላይ «ኒያላ» ወይም «አቢሲኒካ»ን የመሰለ የግዕዝ ፎንት ምረጡ።

በቡድን እያየን መሃል ላይ እረፍት ብናደርግ የት ይሻላል?

ፕሬዝዳንቷ ለኢታን ፈቃዱን ሰጥታው ወደ አውሮፕላን ተሸካሚዋ መርከብ ሲያመራ። የወሬው ክፍል እዚያ ያበቃል። ሻይ ፈልቶ፣ መፀዳጃ ተሂዶ፣ «እስካሁን ምን ሆነ?» የሚለውም ተመልሶ ትመለሳላችሁ። ባሕር ውስጥ ከገባ በኋላ ማቋረጥ ግን ትዕይንቱን ይገድለዋል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ ቻርጅ የተደረገ ላፕቶፕ ይሻላል።

ልጆች አብረው ቢያዩት?

የአሜሪካ ደረጃው ከ13 ዓመት በታች ላሉ ወላጅ እንዲያስብበት የሚል ነው። የአልጋ ትዕይንት የለም፤ ድብደባ፣ ስለትና የሉተር ሞት አለ። ትንንሾቹን የሚያስፈራቸው ከድብደባው ይልቅ ውሃ ውስጥ መታፈኑ ነው።

ኪሳራ ደረሰበት የሚባለው እውነት ነው?

በሲኒማ ገቢ ብቻ ከታየ አዎ ለማለት ይቀርባል። ወጪው ከ300 እስከ 400 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ተዘግቧል፤ በዓለም ዙሪያ ያስገባው 600 ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ከትኬቱ ግማሽ ያህሉ ለሲኒማ ቤቶቹ ስለሚቀር ለኩባንያው የሚደርሰው ወጪውን አይሸፍንም፣ ማስታወቂያው ሳይቆጠር። ከ2023ቱ ግን በገቢ ትንሽ በልጧል። በዚያው ሳምንት የዲዝኒ የቤተሰብ ፊልም አብሮ መውጣቱም አልጠቀመውም።

ሌላ ክፍል ይኖራል? ከስም ዝርዝሩ በኋላስ የተደበቀ ትዕይንት አለ?

ክሩዝ ስሙ «የመጨረሻው» የተባለው በከንቱ እንዳልሆነ ተናግሯል። ታሪኩ ግን በሩን አልዘጋም፤ ኢታን በሕይወት አለ፣ ኤንቲቲም ተይዞ በእጁ ነው፣ ቡድኑ ለንደን ትራፋልጋር አደባባይ ላይ በዐይን ተሰናብቶ ይበተናል። ከስም ዝርዝሩ በኋላ የሚመጣ ትዕይንት የለም፤ ጽሑፉ ሲጀምር መዝጋት ይቻላል። መቀመጥ የሚያዋጣው ላሎ ሺፍሪን ለ1966ቱ የቴሌቪዥን ድራማ የጻፈውን፣ በየዙሩ አምስት ምት ያለውን ዜማ ለሚወዱ ብቻ ነው።